ጨረር ማርከሻ የለውም

ፌስታሏን የምሸከመው እኔ ነበርኩ። አክስቴ የማኅፀን በር ካንሰር ተገኝቶባት የጨረር ሕክምና በጀመረች ሰሞን፣ ጠዋት ጠዋት ከቤት ስንወጣ ከቀጠሮ ካርዷ ቀድማ የምትነሳው ያቺ ቢጫ ፌስታል ነበረች። ውስጧ በማር የተለወሰ ጥቁር አዝሙድ፣ የሽፈራው ዱቄት፣ ተላጦ በጠርሙስ የተቀመጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ከዋሽንግተን በሰው እጅ የተላከ ቫይታሚን ኢ፣ «አንቲኦክሲዳንት» የሚል ብልቃጥና አንድ የጠበል ጠርሙስ ነበሩ። ጠበሉን ከዚህ ክርክር አውጥቼዋለሁ፤ የእምነት ጉዳይ በላቦራቶሪ ሚዛን አይመዘንም። የቀሩት አምስቱ ግን እያንዳንዳቸው የሰጪ ስም ነበራቸው። ሰጪዎቹ ሁሉ የተናገሩት ደግሞ አንድ ነገር ነው፦ «ጨረሩን ያረክስልሻል።»

የታዘዘላት ሃያ አምስት ቀን ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፌስታሏን ከፍቶ ያየ ባለሙያ አልነበረም፤ እኛም ትንፍሽ አላልንም።

ከዘመድ ጋር ብቻ ቢሆን ክርክሩ አንድ ቡና ላይ ባለቀ። ችግሩ ይህ አስተሳሰብ ከእኛ ሳሎን አልፎ ዓለምን የያዘ መሆኑ ነው። በማርች 2011 (ዘመኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር እጽፋለሁ) የጃፓኑ ፉኩሺማ የኑክሌር ጣቢያ አደጋ ሲደርስበት፣ በቻይና ከተሞች ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ የገበታ ጨው ገዝቶ ጨረሰ። ጨው ውስጥ አዮዲን አለ፣ አዮዲን ደግሞ የጨረር ማርከሻ ነው ተብሎ ነው። ለአንድ ዐዋቂ የሚታዘዘውን አዮዲን ከጨው ላግኝ የሚል ሰው ቢያንስ ሁለት ኪሎ ጨው በአንድ ጊዜ መዋጥ አለበት፤ ጨረሩ ሳይደርስ ጨው ይጨርሰዋል። ከውቅያኖሱ ማዶ ያሉ አሜሪካውያን ደግሞ፣ አንዳች የሚያሰጋ ነገር ሳይደርስባቸው፣ የፖታሲየም አዮዳይድ ክኒን ከመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ጠርገው ወሰዱ።

ይህን የማርከሻ አስተሳሰብ ልበለው። ሁለት መልክ አለው። አንደኛው «አንዲት ፍሬ መድኃኒት አለች፤ እስክትገኝ እንፈልግ» ይላል፤ ሠራዊቶችና የመድኃኒት ኩባንያዎች የሚወዱት እሱን ነው። ሁለተኛው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ የተገኘውን ሁሉ አንድ ፌስታል ውስጥ ያጭቃል። ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ጨረርን እንደ መርዝ ነው የሚያዩት። እኔ የምለው ይህ ነው፦ የጨረርን ጉዳት ለመቀነስ መከላከያዎችን ከማጣመር ሌላ መንገድ የለም፤ የሚጣመሩት ግን በሰዓትና በቦታ ተደልድለው ነው። ይህኛው ከጉዳቱ የትኛውን ሰዓት፣ ከሰውነት የትኛውን ክፍል ይጠብቃል ተብሎ ያልተጠየቀበት ጥምረት፣ ጥምረት አይባልም፤ ክምር ነው።

ማርከሻ የሚለው ቃል ሰውነት ውስጥ የተቀመጠ መርዝ ይፈልጋል። እባብ ነድፎ ይሄዳል፣ መርዙ ይቀራል፣ ማርከሻው ገብቶ መርዙን ያገኘዋል። አክስቴ በምትተኛበት ጠረጴዛ ላይ ግን የሚቀር ነገር የለም። ባለሙያው ማሽኑን ሲያቆመው ጨረሩ ያኔውኑ አበቃ፤ አምፖል ሲጠፋ ብርሃኑ ክፍሉ ውስጥ እንደማይዘገይ ሁሉ። ማታ ቤት ገብታ የምትውጠው ጥቁር አዝሙድ የሚያረክሰው እንግዳ አያገኝም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ለማርከሻ ወገን ግን የሚገባውን ልስጥ። ጨረር አመንጪው ንጥረ ነገር ራሱ በምግብ ወይም በአየር ወደ ሰውነት ሲገባ፣ ነገሩ በእርግጥም መርዝን ይመስላል፤ ለዚያም የታወቁ መድኃኒቶች አሉ። የቼርኖቢል የኑክሌር ጣቢያ በኤፕሪል 1986 ሲፈነዳ የፖላንድ መንግሥት በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ10 ሚሊዮን ለሚበልጡ ልጆች አዮዲን አደለ። የታይሮይድ ዕጢ በንጹሕ አዮዲን ከጠገበች ጨረራማውን አዮዲን አትቀበልም። ሠርቷል። ይሁን እንጂ ይህን ታሪክ የክኒን ድል አድርገው የሚተርኩ ሰዎች ግማሹን ይውጡታል፤ ፖላንድ በዚያው ሳምንት ላሞች የግጦሽ ሣር እንዳይበሉና ሕፃናት ትኩስ ወተት እንዳይጠጡ ከልክላ፣ በምትኩ የዱቄት ወተት አከፋፍላለች። በቤላሩስ፣ በዩክሬንና በሩሲያ የተበከሉ አካባቢዎች ወተቱን የጠጡ ልጆች ብዙ ነበሩ፤ በልጅነታቸው ለዚያ ጨረር ከተጋለጡት መካከል እስከ 2005 ድረስ ከ6,000 በላይ የታይሮይድ ካንሰር ተመዝግቧል። ክኒኑም የወተቱ እገዳም አንድ ዕጢ ነው የጠበቁት። መቅኔን፣ አንጀትን፣ ቆዳን አይነኩም።

ወይም የብራዚሏን ጎያኒያ እንውሰድ። በ1987 ከተዘጋ ክሊኒክ ውስጥ የቀረ የጨረር ሕክምና መሣሪያ ቁራሌ ፈላጊዎች እጅ ገባና ውስጡ ያለው ሲዚየም በከተማው ተበተነ። በጨለማ የሚያበራ ሰማያዊ ዱቄት ስለነበር ሰዎች ለጌጥ ቆዳቸው ላይ ቀቡት። 249 ሰዎች ተበከሉ። 46ቱ ፕሩሺያን ብሉ የተባለ፣ ቀድሞ የሠዓሊዎች ቀለም የነበረ መድኃኒት ወሰዱ፤ አንጀት ውስጥ ሲዚየሙን ይዞ ከሰገራ ጋር ያስወጣዋል። ያስወጣል፣ አዎ። ከመውጣቱ በፊት ያቃጠለውን ግን አይመልስም፤ አራት ሰዎች ሞቱ። መርዝ ሊመስል በሚችልበት ብቸኛ ቦታ እንኳ ማርከሻው የሥራውን እኩሌታ ነው የሚሠራው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ጨረር አንዲት ሕዋስ ውስጥ ሲያልፍ የሚመታው በብዛት ውሃዋን ነው። የውሃው ቅንጣት ተሰባብሮ ጠበኛ ስብርባሪ ይፈጠራል፤ ስብርባሪው ከሰከንድ ሚሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ አጠገቡ ያለውን ዲኤንኤ ይቆርጣል። ይህ የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው፤ ዓይን እስኪርገበገብ ያልቃል። ቀጥሎ ሕዋሷ የተቆረጠውን ልትጠግን ስትታገል ሰዓታት ይሄዳሉ። መጠገን ያቃታት ወይ ትሞታለች ወይ ተበላሽታ ትኖራለች። የአንጀት ሽፋን በየጥቂት ቀኑ ራሱን የሚያድስ ስለሆነ ጉድለቱ በሳምንት ውስጥ ይታያል። የአጥንት መቅኔ ሲመታ ነጭ የደም ሕዋሳትና ፕላትሌቶች የሚያልቁት በሳምንታት ነው፤ ያኔ ኢንፌክሽንና ደም መፍሰስ ይገባሉ። ሳንባ ወራት ይቆያል። ጠባሳው፣ ሥጋን እንደ ቆዳ ጫማ የሚያደርቀው፣ ከዓመት በኋላም ይመጣል። ካንሰር ራሱ ደግሞ ዐሥርና ሃያ ዓመት አድብቶ ሊነሳ ይችላል። ታዲያ ከሰከንድ ሚሊዮንኛ እስከ ሃያ ዓመት የተዘረጋን ነገር በአንድ ፍሬ ክኒን እገታዋለሁ የሚል ሰው ምን ይባላል?

ይህን ማለት ቀርቶ የሞከሩት አሉ፤ ሰነፎችም አልነበሩም። በ1949 ሃርቬይ ፓት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ሲስቴይን የተባለውን አሚኖ አሲድ ለአይጦች ሰጥተው ከዚያ በጨረር ቢመቷቸው፣ ብዙዎቹ ከሞት እንደሚተርፉ አሳዩ። ከጨረሩ በኋላ ሲሰጥ ግን አልሠራም። መልሱ ያኔውኑ እጃቸው ላይ ነበር፤ ይህ ነገር የመጀመሪያው ምዕራፍ ዘበኛ ነው፣ ለሌላው ምዕራፍ ሌላ ዘበኛ ይፈለግ የሚል። የአሜሪካ ጦር ግን የሰማው «ፍሬው አለ» የሚለውን ብቻ ሆነ። የኑክሌር ጦርነት ሥጋት በነገሠበት ዘመን፣ ወታደር ኪሱ ውስጥ ይዞ የሚዘምታት ክኒን ለማግኘት የዋልተር ሪድ የምርምር ተቋም ከ4,000 በላይ ውሁዶችን አንድ በአንድ ፈተሸ። ከዚያ ሁሉ አሸንፎ የወጣው አሚፎስቲን ነው።

የአሚፎስቲንን ዕጣ ላስተዋለው ያስተክዛል። በደም ሥር መሰጠት አለበት፤ ያውም ከጨረሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ። የደም ግፊት ያወርዳል፣ ያስመልሳል። በጦር ሜዳ ቆሞ የሚዋጋ ሰው በጉሉኮስ ተንጠልጥሎ እያስመለሰ እንዲዋጋ ካልተፈለገ በቀር ለወታደር አይሆንም። በመጨረሻ በ1999 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የራስና አንገት ካንሰር ታካሚዎች ምራቅ እንዳይደርቅ እንዲሰጥ ፈቀደው። በዚያ ፈቃድ መነሻ በሆነው ጥናት፣ በሕክምናው ወቅት ጠንካራ የአፍ ድርቀት የገጠማቸው ከመቶ 78 የነበሩት ወደ 51 ወርደዋል። ቀላል አይደለም፤ ምራቅ የሌለው አፍ እንጀራ እንዴት እንደሚውጥ የሚያውቅ ያውቀዋል። ግን የዚያኑ አፍ ሽፋን ከመቁሰል አላዳነም። ምራቁን ጠበቀ፣ አፉን አልጠበቀም። አራት ሺህ ውሁድ ተፈትሾ የተገኘው ንጉሥ ግዛቱ ሁለት የምራቅ ዕጢ ሆኖ አረፈው።

ቼርኖቢልና ቶካይሙራ ደግሞ የአንድ አካል ክፍል ጥበቃ የት እንደሚያደርስ አሳይተውናል። በቼርኖቢል አጣዳፊ የጨረር ሕመም ከተረጋገጠባቸው 134 ሰዎች 28ቱ በወራት ውስጥ ሞቱ። ለ13 ሰዎች የአጥንት መቅኔ ተተከለ፤ በጊዜው የዓለም ጋዜጦች ዋና ወሬ የሆነው ይህ ነበር። የተረፉት ሁለት ናቸው፤ እነሱም የገዛ መቅኔያቸው አገግሞላቸው እንጂ በተተከለላቸው አልነበረም። ከሞቱት የብዙዎቹን ነፍስ ያወጣው በጨረር የተቃጠለ ቆዳቸው ነበር። በ1999 በጃፓን ቶካይሙራ የዩራኒየም ማዘጋጃ ውስጥ ከተመቱት ሠራተኞች አንዱ የእህቱን የደም ግንድ ሕዋሳት ተቀበለ፤ ሕዋሳቱም ሥር ሰደው መራባት ጀመሩ። ሐኪሞቹ ጦርነቱን በአንድ ግንባር አሸነፉ ማለት ነው። አንጀቱና ቆዳው ግን መታደስ አቁመው ነበር፤ በ83ኛው ቀን ሞተ። መቅኔው ዳነ፣ ሰውዬው ሞተ። ከዚህ በላይ ለአንድ ፍሬ ወገን የሚነገር ምን አለ?

ጥምረት ሲሠራ ምን እንደሚመስል ደግሞ የሚያሳይ፣ ድምቀት የሌለው ስለሆነ ብዙ ያልተወራለት ሙከራ አለ። በውሾች ላይ የተደረገ ነው። ምንም እንክብካቤ ሳይደረግ ከውሾቹ ግማሹን የሚገድለው የጨረር መጠን 2.6 ግሬይ ነበር፤ ግሬይ የጨረር መለኪያ ነው። አንቲባዮቲክ፣ ፈሳሽና ፕላትሌት ሲጨመር ያው ግማሹን ለመግደል 3.4 ግሬይ አስፈለገ። በዚያ ላይ መቅኔ ነጭ ሕዋስ እንዲያመርት የሚቀሰቅስ መርፌ ሲታከል መጠኑ 4.9 ደረሰ። እነዚህን ቁጥሮች ቀስ ብላችሁ አንብቧቸው። አንዳቸውም ጨረርን አላረከሱም። አንቲባዮቲኩ ዘበኛ በሌለበት ሳምንት በሩን ጠበቀ፣ ፈሳሹ አንጀት ያፈሰሰውን ተካ፣ ፕላትሌቱ ደም አቆመ፣ መርፌው አዲስ ዘበኛ ቀጠረ። ሁሉም ከጨረሩ በኋላ፣ ሁሉም በየቀጠሯቸው። ለሰው የሚነገረውም ግምት ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ ያልታከሙ ሰዎችን ግማሹን የሚገድለው ወደ 4 ግሬይ ሲሆን፣ ጥሩ እንክብካቤ ካለ ወደ 6 እና 7 ከፍ ይላል።

ከፊትና ከኋላ ማጣመርም ተሞክሯል። በ1990 አካባቢ በሜሪላንድ ቤተስዳ የሚገኘው የአሜሪካ ጦር ኃይሎች የጨረር ሥነ ሕይወት ተቋም ተመራማሪዎች፣ ከጨረሩ በፊት አሚፎስቲንን፣ ከጨረሩ በኋላ ደግሞ ከእርሾ የሚወጣ ግሉካን የተባለ የመቅኔ ቀስቃሽ ለአይጦች ሰጡ። የሁለቱ ጥቅም ለየብቻ ከሚሰጡት ድምር በለጠ። ምክንያቱ ሲነግሩት ግልጽ ነው፤ የፊተኛው ጥቂት ግንድ ሕዋሳትን ከሞት አተረፈ፣ የኋለኛው የተረፉትን አበዛ። ያልተረፈን ነገር ማብዛት አይቻልም፤ የተረፈውም ብቻውን ቶሎ አይደርስም።

ይህን አንድ ማታ ለአክስቴ ላስረዳ ሞከርኩ። አይጥና ግሉካን ስል እያዛጋች ሰማችኝና፣ «ታዲያ ወጥ አይደል እንዴ ልጄ!» አለችኝ። «ሽንኩርቱ ሳይበስል ቅቤውን ብትጨምርበት፣ መከለሻውን ከበርበሬው ጋር ብትደፋው ማን ይበላዋል?» ማርከሻን በመከለሻ ስትመታው ቃላቱ መገጣጠማቸውን ራሷም ያስተዋለች አልመሰለኝም። እኔ ግን ስንት ገጽ አንብቤ ያጣሁትን አገኘሁ።

አሁን ወደ ክምሩ ልምጣ፤ ምክንያቱም እስካሁን ያልኩትን የሰማ ሰው «እንግዲያው ሁሉንም እንውሰድ» ሊል ይችላል። በካናዳ ኩቤክ ተሞክሯል። የራስና አንገት ካንሰር ያለባቸው 540 ታካሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ ገሚሶቹ በጨረሩ ወቅትና ከዚያም በኋላ ለሦስት ዓመት ቫይታሚን ኢ ወሰዱ፤ መጀመሪያ ላይ የገቡት ቤታ ካሮቲንም ታክሎላቸው ነበር። ከ2005 ጀምሮ የወጣው ውጤት የማርከሻ ወገን ሁሉ ግድግዳው ላይ ሊሰቅለው ይገባል። ሁለቱን አጣምረው የወሰዱት ከባድ የጎንዮሽ ጉዳታቸው ቀነሰ። እሰየው! ነገር ግን ካንሰሩ በዚያው ቦታ የመመለስ አዝማሚያው ጨመረ፤ ቫይታሚኑ በሚወሰድባቸው ዓመታት አዲስ ካንሰርም በዛ፤ ቫይታሚን ኢ በወሰዱት ዘንድ ሞትም ከፍ አለ። በኋላ ሲመረመር ጉዳቱ በተለይ በሕክምናው ወቅት ሲጋራ ባላቆሙት ላይ የከፋ ሆኖ ተገኘ። ቤታ ካሮቲኑ ያለጊዜው የተቋረጠውም በሌላ መርዶ ምክንያት ነበር፤ በአሜሪካ ከ18,000 በላይ አጫሾች፣ የቀድሞ አጫሾችና የአስቤስቶስ ሠራተኞች የተሳተፉበት ጥናት፣ ቤታ ካሮቲንና ቫይታሚን ኤ አብረው የወሰዱት የሳንባ ካንሰራቸው ከመቶ 28 ጨምሮ ስለተገኘ በ1996 ተቋርጧል።

ኩቤክ የነገረን ቫይታሚን ሁሉ መርዝ ነው የሚል አይደለም፤ የአንገትን ካንሰር ወስዶ በማኅፀን በር ላይ መለጠፍም አልፈልግም። የነገረን ዘበኛው ዘመድና ሌባ ካልለየ ሁለቱንም እንደሚጠብቅ ነው። በጨረር ሕክምና ውስጥ ያ ጠበኛ የውሃ ስብርባሪ ጠላት ብቻ አይደለም፤ ዕጢውን የሚገድለው እሱው ነው። ካንሰር የሌለበት የአደጋ ተጎጂና ካንሰሩ እንዲሞት የሚታከም ታካሚ አንድ ዓይነት ጥምረት አይፈልጉም። የፌስታሉ ወገን ይህን ልዩነት ሰምቶት እንኳ አያውቅም፤ ያሳዘነኝ ግን ቫይታሚኑን «ለበሽታ መከላከል» እያሉ በደረሰኝ የሚሸጡት ሰምተው እንዳልሰሙ መሆናቸው ነው።

በኋለኛው ምዕራፍ፣ ማለት በጠባሳው ዘመን ግን ያው ቫይታሚን ኢ ሌላ ፊት አለው። በፈረንሳይ በ2003 የታተመ ትንሽ ጥናት በጡት ካንሰር ጨረር ሥጋቸው የጠጠረ 24 ሴቶችን በአራት ከፈለ፤ ፔንቶክሲፊሊን የተባለ የደም ዝውውር መድኃኒት ብቻውን፣ ቫይታሚን ኢ ብቻውን፣ ሁለቱ አንድ ላይ፣ እና ባዶ ክኒን። ከስድስት ወር በኋላ ከባዶው ክኒን ተሽሎ የተገኘው ጥምሩ ብቻ ነበር። ደስ ይላል፤ ግን ሃያ አራት ሴት ናት። በእንግሊዝ በ68 ታካሚዎች ላይ ለክንድ እብጠት ተብሎ ያው ጥምር ቢሞከር ጠብ ያለ ነገር አልተገኘም። ይህን የምጽፈው ጥምረት የሚለውን ቃል አዲስ ጣዖት እንዳላደርገው ነው። የፈረንሳዩ ጥናት የሚወደድልኝ በውጤቱ ሳይሆን በአሠራሩ ነው፤ ጥንዱን ከነጠላዎቹ ጋር ጎን ለጎን አቁሞ ጠየቀ።

ይህም ለጠንካራው ተቃውሞ መልስ ይሆነኛል። ከአንድ ፍሬ ወገን አስተዋዮቹ እንዲህ ይላሉ፦ ሁለት ሦስት መድኃኒት ሲቀላቀል ማን ምን እንደሠራ አይታወቅም፣ እርስ በርስም ይጎዳዳሉ፤ ስለዚህ አንድ በአንድ እንፈትን። እውነት አላቸው፤ ግን አንድ በአንድ መፈተን አንድ በአንድ መስጠት ማለት አይደለም። አራት ቡድን አቁሞ መፈተን ይቻላል፣ ተችሏልም። የማይቻል የሚመስለው በሌላ ምክንያት ነው፤ አንድ ውሁድ ባለቤት አለው፣ አንድ የጊዜ ሰሌዳ ግን ባለቤት የለውም። የአንቲባዮቲክ፣ የፈሳሽና የመርፌ ተራ የማንም ንብረት ስላልሆነ ገንዘብ አውጥቶ የሚያስፈትነው አይገኝም። መቅኔ ቀስቃሹ ፊልግራስቲም በአሜሪካ ለካንሰር ታካሚዎች የተፈቀደው በ1991 ነው። ለጨረር አደጋ ተጎጂ እንዲሰጥ የተፈቀደው በ2015። ሃያ አራት ዓመት!

«ይህ ሁሉ የሀብታም አገር ወግ ነው፤ እኛ ማሽኑን መች አገኘንና» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ጣቢያ ሆኖ መኖሩንና ወረፋው በወራት ይቆጠር እንደነበር አውቃለሁ። ማሽኑም ከመከላከያዎቹ አንዱ መሆኑን አልክድም፦ በእንግሊዝ በ2011 በታተመ ጥናት፣ ጨረሩን በኮምፒውተር ቀርጾ ከምራቅ ዕጢ ማራቅ ብቻውን፣ ከዓመት በኋላ የሚታየውን ጉልህ የአፍ ድርቀት ከመቶ 74 ወደ 38 አውርዶታል። ከክኒን ፈላጊዎቹ መካከል የፊዚክስ ባለሙያን እንደ መድኃኒት የቆጠረ ስንት አለ?

ግን ድህነት ራሱ ለጥምረት ነው የሚመሰክረው። በሰዓቱና በቦታው የሚጣመሩት ነገሮች አብዛኞቹ ርካሽ ናቸው። አንገቱን ለሚታከም ሰው ጨረሩ ሳይጀመር የበሰበሰ ጥርስ መንቀል፤ በኋላ ቢነቀል መንጋጋው ላይድን ይችላል። ሲጋራውን ማስቆም። የአፍ ቁስል ላለበት በጨውና በቤኪንግ ሶዳ መጉመጥመጥ። ለማኅፀን በር ታካሚ የደም ማነሷን ቀድሞ ማከም፣ ተቅማጥ ሲጀምራት ኦአርኤስና የተቅማጥ ክኒን በእጇ መኖሩ፣ ጠረጴዛው ላይ ከመተኛቷ በፊት ውሃ ጠጥታ ፊኛዋን መሙላት፤ የሞላ ፊኛ አንጀትን ወደ ላይ ገፍቶ ከጨረሩ መንገድ ያርቀዋል። ሕክምናው ካበቃ በኋላ ደግሞ ብልት እንዳይጠብና እንዳይጣበቅ የሚደረገው ማስፊያ፤ ይህን በሰው ፊት የሚናገር ስለሌለ ስንቷ ሴት ትዳሯ ውስጥ ዝም ብላ ትሰቃያለች። ይህ ሁሉ ለምቾት ብቻ እንዳይመስለን። የማኅፀን በር ካንሰር ጨረር በስምንት ሳምንት ውስጥ እንዲያልቅ ይመከራል፤ ተቅማጥ ያዳከማት ሴት ቀን በዘለለች ቁጥር ዕጢው እፎይታ ያገኛል። አንጀቷን የጠበቀ ካንሰሯንም ይመታል።

በዐሥራ ስድስተኛው ቀን አክስቴ ተቅማጡ አዳክሟት ወንበር ላይ ጋደም ብላ ሳለ አንዲት ሲስተር መጣችና ፌስታሏን ከእግሬ ሥር አነሳች። «እማማ፣ ይቺ ምንድን ናት?» አለቻት። መልስ ሳትጠብቅ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ደረደረቻቸው። ትቆጣናለች ብዬ ነበር። እሷ ግን በእያንዳንዱ ላይ ጣቷን እያሳረፈች የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ይኼን መቼ መቼ ነው የሚወስዱት?» አክስቴ ለአንዱም መልስ አልነበራትም፤ ሲያስታውሳት ነበር የምትወስደው። ሲስተሯ ቫይታሚኑንና ብልቃጡን ሕክምናው እስኪያልቅ አስቀምጪልኝ ብላ ለእኔ ሰጠችኝ። ነጭ ሽንኩርቱንና ሽፈራውን ሆዷ እስኪረጋ አቆየችባት፣ በምትኩ ኦአርኤስ ሰጠቻት። ጠበሉን መልሳ አሰረችው። ከዚያ አንድ ሊትር ውሃ አቅርባ፣ «ጠጥተው ይጠብቁ፤ ሽንትዎን ሳይሸኑ ነው የሚገቡት፤ አንጀትዎን ከጨረሩ ያርቅልዎታል» አለቻት።

አክስቴ ጠጣች። ተራዋ እስኪደርስ እግሯን አጣብቃ፣ ከንፈሯን ነክሳ ጠበቀች። ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ብዙ ዝም አለችና ድንገት ወደ እኔ ዞረች።

«እስካሁን ታዲያ፣» አለችኝ፣ «ሽንት ቤት ደርሰሽ ግቢ እያላችሁ ስትልኩኝ የነበራችሁት ምን ነበራችሁ?»